ባሱን የሚለው ቃል

የእንግሊዝኛን ቃል በራሳችን ቋንቋ የሚፈታ ትልቅ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ፣ ከአምስቱ አዘጋጆች አንዷ እሷ ነበረች። ቢሮው ያረጀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ አልገጥም ስላለ የታጠፈ ወረቀት ተሰክቶበታል፤ ካርዶቹ በጫማ ካርቶን ውስጥ በፊደል ተራ ተደርድረዋል። ጠዋት ጠዋት ዋና አዘጋጁ ለእያንዳንዱ ሰው አሥራ አምስት ካርድ ያድላሉ። ካርዱ ላይ አንድ ቃል አለ። ሥራው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቃሉን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ከመጻሕፍትና ከጋዜጣ አጣርቶ፣ ፍቺውን ከነምሳሌው ጽፎ ማስረከብ ነው። ባልደረቦቿ «ፊደል» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በልጅነቷ የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር ስታነብ አይቶ።

አንድ ማክሰኞ ሰባተኛውን ካርድ ስትገልጥ እጇ ቀጥ አለ።

«ምን ደረሰሽ?» አለቻት አጠገቧ የምትቀመጠው ታይፒስት።

«ባሱን።»

«ባሰን? እኔም እኮ ይኼ መስኮት አልገጥም ካለ ወዲህ እንደባሰን ነው የማውቀው!»

ቢሮው በሳቅ አወካ። ፊደል ግን አልሳቀችም።

ወንድሟ ባሱን ተጫዋች ነው። በከተማው ኦርኬስትራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ያንን ቁመቱ ሰው የሚያህል የእንጨት ቧንቧ በማንጠልጠያ አንግቶ ነፍቷል። ከሰባት ዓመት በፊት እናታቸው ስታጣጥር «ቶሎ ድረስ» ተብሎ ተላከበት። ኦርኬስትራው ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። አልመጣም። የመጣው ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ የመሣሪያውን ሳጥን እንደያዘ ነው። ፊደል በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ብድግ ብላ፣ «እናትህን ትተህ የመረጥከው እሱን አይደል? በል እሱን ታቅፈህ ኑር! ከዛሬ ጀምሮ እህት የለህም!» አለችው። ሳጥኑን ከመሬት አንስቶ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያ ንግግር ተመላሽ አልነበረውም። ዘመዶቿንም ስሙን እንዳያነሱባት አስማለች።

ካርዱን ከሌላ ሰው ጋር ልትለዋወጥ አሰበችና አፍራ ተወችው። «ከእንጨት የተሠራ ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ፤ ድምፁ ወፍራም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ያሰባሰበቻቸውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ስታገላብጥ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማት። በአንዱ ላይ የአንድ ሰው ድምፅ ባሱን ነው ተብሏል፤ እሱስ ይገባል። ሌላው ግን «ሁለተኛው ባሱን ሚስት አገባ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ባሱኑ ስለታመመ ልምምዱ ቀረ።» ወረቀቶቿን ይዛ ዋና አዘጋጁ ዘንድ ገባች።

«እንጨት ያገባል እንዴ?» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «የኅትመት ስህተት ይሆናል።»

«ሁለት ቦታ ነው ያገኘሁት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። ሙዚቀኛ ዘመድ የለሽም?»

«አለኝ» አለች ፊደል ወረቀቶቿን እየሰበሰበች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ወደ ወንድሟ ሰፈር ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታወጣ ስታወርድ ነበር። «ለሥራ ነው የመጣሁት» ትለዋለች፣ ይነግራታል፣ ትጽፋለች፣ ትወጣለች፤ አለቀ።

በሩን አንኳኩታ ብዙ ቆመች። ከውስጥ የሚጎተት እግር ተሰማት። የከፈተላት ሰውዬ የፊቱ ግራ ጎን ወርዷል፣ ከንፈሩ ተንጋዷል፣ ግራ እጁን በቀኙ ደግፎ ይዞታል። ቤት የተሳሳተች መስሏት ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል፣

«ፊደልዬ» አለ።

የበሩን ጉበን ያዘች። «ወንድምጋሼ! ምን ሆነህ ነው?»

«ስትሮክ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ግቢ፣ ብርድ ይገባል።»

«እንዴት ሰው አይነግረኝም? እንዴት አንድ ሰው...» ብላ ጀመረችና፣ ያስማለቻቸው ዘመዶቿ ትዝ ሲሏት ሳትጨርሰው ወደ ውስጥ ገባች።

ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነው፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ። ድሮ ኖታ የሚያስቀምጥበት ብረት ላይ ፎጣ ተሰቅሏል። በዓይኗ ሳጥኑን ስትፈልግ አያት።

«ወስደውታል» አለ። «የኦርኬስትራው ንብረት ነው። እንጨት ካልተነፋ ይሞታል፤ ለሌላ ሰው ሰጡት። ደግ አደረጉ። በዚህ ከንፈር ሻማም አላጠፋ።»

ካርዱን ከቦርሳዋ አወጣችና በመንገድ ያጠናችውን አለች፤ «ለሥራ ነው የመጣሁት።» እንዳለችውም አፈረች።

ግራ ያጋቧትን ዓረፍተ ነገሮች ጽፋ «ስህተት ይሆን?» ያለችበትን ካርድ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበው። የፊቱ ቀኝ ጎን ብቻ ሳቀ።

«ስህተት አይደለም። እንግሊዞች መሣሪያውንም ሰውየውንም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። እኛ ጋም እንደዚያው ነበር። የመጣው የኦርኬስትራ መሪ ሁሉ ‹ባሱን፣ ዘገየህ! ባሱን፣ ቀስ!› ነው። ሠላሳ ዓመት በስሜ የጠራኝ የለም። ያመመኝ ቀን እንኳ ከመድረኩ ላይ ስወድቅ ‹ባሱኑ ወደቀ!› ብለው ሲጯጯሁ፣ ግማሾቹ ሮጠው ያነሱት እንጨቱን ነው።»

ፊደል ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ።

«እማዬ ‹ጭራሮው› ነበር የምትለው» አለች።

«አልተሳሳተችም። ጣሊያኖችም የእንጨት እስር ነው የሚሉት።»

የእናታቸው ነገር ከተነሳ በኋላ ሳቁ ከቤቱ ወጣ። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ያኔ መልእክቱ ደርሶኛል» አለ ቀስ ብሎ። «አልደረሰኝም ብልሽ ይቀለኝ ነበር። ደርሶኛል። መኪናም ነበረ። መሪው ራሱ ሂድ ብሎኛል።»

«ታዲያስ?»

«ፈራኋ። ስትሞት ማየት ፈራሁ። ባሱን እኮ ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ተራው እስኪደርስ ምት ይቆጥራል። አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት። ያን ቀን እየቆጠርኩ እስካለሁ ድረስ እማዬ የማትሞት መሰለኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ፊደልዬ። እንደ ሕፃን።»

የሰባት ዓመት ቁጣዋ ተመለሰ። ቦርሳዋን ይዛ ብድግ አለች። እሱ አልለመናትም፤ ከተንጋደደው ከንፈሩ ጫፍ የሚወርደውን ምራቅ በመሐረብ ጠረገ። ይህን ስታይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«መጨረሻ ላይ ‹መጣ ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ» አለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። «‹አዎ፣ በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው› አልኳት። ‹ቀስ ይበል፣ አታጣድፉት› አለችና ዓይኗን ከደነች። ስትጠብቅህ ሞተች። ሰባት ዓመት የተናደድኩት ባንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ለምትሞት እናቴ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ወንድሟ አለቀሰ። የፊቱ ግማሽ እንደ ድንጋይ ፀጥ እንዳለ፣ ደህናው ግማሽ ተሸበሸበ።

«አልዋሸሻትም» አለ። «እኔ ባልመጣ አንቺ አስገባሽኝ እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድ ጀመር። ጥፍሩን ትቆርጥለታለች፣ ጋዜጣ ታነብለታለች፤ እሱ ደግሞ የሙዚቃ ቃል ሲገጥማት ያርማታል። የጠፋው ሰባት ዓመት ግን በቅዳሜ የሚሞላ አልሆነም። አንዱ ስለሌላው ያላወቀው ነገር በዛ፤ አንዳንዴ እንደ እንግዳ እየተከባበሩ ይቀመጡ ነበር። በአራተኛው ወር ሕመሙ ተመልሶ ጣለው። ሆስፒታል ሦስት ቀን ከአልጋው አጠገብ ሳትነሳ ተቀመጠች። መናገር አልቻለም፤ በደህና እጁ ጣት መዳፏ ላይ አራት አራት ጊዜ መታ መታ ያደርግ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ጣቱ ቆመ።

መዝገበ ቃላቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል የመጨረሻውን እርማት ሰጧት። «ባሱን» ሥር ከጻፈቻቸው ሁለት ፍቺዎች አንዱ ብቻ ቀርቷል። በሥራ ዘመኗ ከአለቃ ጋር ተከራክራ የማታውቀው ፊደል፣ ዋና አዘጋጁ ዘንድ ሳታንኳኳ ገባች።

«ሁለተኛው ፍቺ የት ሄደ?»

«ቦታ ጠበበን። ደግሞ ማን ይፈልገዋል?» አሉ ዋና አዘጋጁ።

«ሰውየውን ካወጡት የሚቀረው እንጨት ነው። ይመልሱልኝ።»

ሽማግሌው ፊቷን አዩ። እስክሪብቷቸውን አንስተው፣ «፪. መሣሪያውን የሚጫወት ሰው» ብለው በእጃቸው ጻፉ።

መጽሐፉ ወጣ፤ ሥራውም ወደ ሌላ መጽሐፍ ተሻገረ። ቅዳሜ ሲሆን ግን እግሯ ለምዶ ሁለት አውቶቡስ ይዛ እዚያ ሰፈር ትደርሳለች። ቤቱን አዲስ ባልና ሚስት ተከራይተውታል፤ መስኮቱ ላይ ቢጫ መጋረጃ ሰቅለዋል። ከማዶ ጥቂት ትቆምና፣ የመመለሻው አውቶቡስ ሲመጣ ትሳፈራለች።