ያልደረሰ ስንቅ

ካሰች ለክንዱ ስትዳር አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከባሏ አስቀድማ የወደደቻቸው አማቷን እመት አስካለ ማርያምን ነው። እናቷን በሕፃንነቷ የቀበረች ናትና፣ "ልጄ" የሚላት ሰው ስታገኝ ከጎናቸው አልጠፋ አለች። እሳቸውም ከወለዷቸው ለይተው አላዩዋትም።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠ በሁለተኛው ዓመት፣ የክንዱ ታናሽ ወንድም ዳኘው ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ። በጥቅምት ግን ጭኑን በጥይት ተመታና ከፈጠም ወንዝ በላይ ካለ ዋሻ ተሸሸገ። ክንዱ የአርበኛ ወንድም መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ከመንደሩ ራቅ ባለ ቁጥር ባንዳ ይከተለዋል። እመት አስካለ ማርያም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስንቅ ማቀበሉ የካሰች ሥራ ሆነ። እመት ጭብጦ ይጋግራሉ፤ እሷ ከቅርጫቷ ሥር ትሸሽገውና ኩበት ለቃሚ መስላ ትወጣለች። ስትመለስ አማቷ በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

"በላልኝ?"

"በላ፣ እማማ።"

ያን ጊዜ ፊታቸው ይፈታል።

በዘጠነኛው ቀን ከወንዙ መሻገሪያ ስትደርስ ወታደሮች አንዲት ሴት ይዘው አየች። ቅርጫቷን መሬት ደፍተውታል። ከኩበቱ መሃል የወጣውን ዳቦ አንደኛው በጫማው ይረግጠዋል። ሴቲቱን እጇን የኋሊት አስረው ወደ ምሽጉ እየጎተቱ ወሰዷት። ካሰች ከአንድ የአጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ጭብጦው እጇ ላይ ቢገኝስ? ብትጥለው ያዩታል። ወደ ቤት ብትመልሰው ትጠየቃለች። ቁጭ ብላ በላችው። እያለቀሰች ነበር የበላችው፤ ግን ጣፈጣት። ኋላ ከሁሉም ይበልጥ ያቃጠላት ይኸው መጣፈጡ ነው።

"በላልኝ?" አሉ እመት፣ እንደ ልማዳቸው።

"በላ።"

በማግስቱ "ዛሬስ እደርሳለሁ" ብላ ወጣች። አጋሙ ጋ ስትደርስ እግሯ አልሄድ አላት። ያን ቀንም በላችው። በሦስተኛው ቀን መሻገሪያው ላይ ማንም አልነበረም፤ እሷ ግን ሰው ያለ እየመሰላት ከቁጥቋጦው ሳትወጣ ዋለች፤ ጭብጦውንም እዚያው በላችው። ሦስቱንም ቀን አማቷን "በላ" አለቻቸው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዳኘው ዋሻውን ትቶ፣ በሆዱ እየተሳበ ከሰው የባቄላ ማሳ ወረደ። እሸት ሲቀጥፍ ወታደሮች አገኙትና እዚያው ገደሉት።

በለቅሶው መሃል እመት አስካለ ማርያምን አንድ ነገር አልገባቸው አለ። "ጠግቦ የሚያድር ልጅ ከሰው ማሳ ምን አወረደው?" እያሉ ለቀስተኛውን ይጠይቃሉ። ከዚያ ራሳቸው ይመልሱታል። "እሸት ይወድ ነበር። አምሮት ነው ልጄን የገደለው።" ካሰች አጠገባቸው ተቀምጣ ትሰማለች። እዝኑ ቀርቦ አንድ ጉርሻ ወደ አፏ ስትወስድ ጉሮሮዋ ተዘጋ። አላመጠችው፣ ደጋግማ አላመጠችው፤ አልወርድ አለ። ወደ ጓሮ ወጥታ ተፋችው።

ከዚያ ወዲያ ከውኃና ከቀጭን አጥሚት በቀር የሚወርድላት ጠፋ። የገና በዓል ሲደርስ አጥንቷ የሚቆጠር ሆነ። ክንዱ "ሐዘኑ ነው" አለ። ጎረቤት ደግሞ "ቡዳ ነው፤ ስትበላ ያያት ሰው አለ" አለ። ካሰች ይህን ስትሰማ ክው አለች። ደብተራ ክታብ ጻፈላት። ግሽ ዓባይ ወርዳ ሰባት ቀን ተጠመቀች፤ ጠበሉ እንደ ልብ ወረደ፣ እህል ግን እምቢ አለ። አጥሚቱን የሚያጎርሷት እመት ነበሩ። "እሱን አጣሁ፤ አንቺንማ አልቀብርም፣ ልጄ" ይሏታል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትቀበላለች፤ ምናለ በመቱኝ፣ ምናለ በሰደቡኝ ትላለች በሆዷ።

ክንዱ ሌላ መላ ሲያጣ ጥርሱን ነክሶ ቡሬ ወሰዳት። በገበያ ቀን ሕዝቡን የሚያክም ሐኪም ከምሽጉ ነበረ። ሽማግሌው ጣሊያን አፏን አስከፍቶ በመብራት አየ፤ አንገቷን ዳበሰ፤ ከዚያ ለአስተርጓሚው ረጋ ብሎ ነገረው።

"ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው ይላል" አለ አስተርጓሚው። "በሽታው ከመንፈሷ ነው ይላል። ያስደነገጣት ወይም የደበቀችው ነገር ካለ ትናገር ይላል።"

ካሰች ከበሩ የቆመውን ወታደር ጫማ አየች። ለእነዚህ ምን ይነገራል?

"ምንም የለም" አለች። ጠብታ መድኃኒት ሰጥተው ሸኟት።

ክንዱ ይህን ሁሉ ለነፍስ አባታቸው ለቄስ ወልደ ገብርኤል አጫወታቸው። "ሐኪሙ አልተሳሳተም" አሉ ቄሱ። "ሰው አፉን ሲዘጋ ሌላው አካሉ ይናገርበታል። እስቲ እሁድ ላግኛት።"

ከቅዳሴ በኋላ ከቅጽሩ ወይራ ሥር አስቀመጧት። ስለ ኃጢአት አንድም ቃል አላነሡም።

"ጥሞሽ የበላሽው የመጨረሻ እህል ምን ነበር?"

"ጭብጦ፣ አባቴ።"

"ማን የጋገረው?"

"እማማ።"

"ላንቺ?"

ካሰች አቀርቅራ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምሩ ጠበቋት። ምእመናኑ ተበትነው ግቢው ጭር አለ።

"ለእኔ አልነበረም" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ መሻገሪያውን፣ አጋሙን፣ ሦስቱን ቀን። "ጣፈጠኝ፣ አባቴ" ስትል ድምጿ ተሰበረ። "ይፍቱኝ።"

"እፈታሻለሁ። በመፍራትሽ አልፈርድብሽም፤ ያችን ሴት አይቶ የማይፈራ የለም። ጉሮሮሽን የያዘው ግን ፍርሃቱ አይመስለኝም፤ 'በላ' ማለትሽ ነው። እግዜር ደግሞ 'በላልኝ?' ብሎ አልጠየቀሽም። የጠየቁሽን ታውቂያቸዋለሽ።"

"ብነግራቸው ይጠሉኛል።"

"ይጠሉሽ ይሆናል። አይጠሉሽም ብዬ አልዋሽሽም።"

ቤት ስትደርስ እመት አስካለ ማርያም ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እግራቸው ሥር ተደፍታ ነገረቻቸው። እንዝርቱ ቆመ።

"ሦስቱንም ቀን?"

"ሦስቱንም።"

"አንቺ በላሽው?"

"እኔ በላሁት፣ እማማ።"

እመት እንዝርቱን ከጎናቸው አስቀመጡት። "ለምን ፈራሽ አልልሽም" አሉ። "ፈራሁ ብትዪኝ ምን ነበረበት? ድኼም ቢሆን እሄድ ነበር። እኔን አሮጊቷን ማን ይጠረጥረኛል? ልጄን በአምሮት ሳማው ከረምሁ እኮ፤ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ።" ነጠላቸውን አነሡና ወጡ። በማግስቱ በበቅሎ ተጭነው፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት በወጀት ወደምትኖር ሴት ልጃቸው ሄዱ።

ክንዱ ሲሰማ እጁን አላነሣባትም። ከበሩ መድረክ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። "እኔስ? ወንድሜን ለሴት ትቼ እቤቴ ተቀምጬ የለም?" አለ። ተነሥቶም ወደ እርሻው ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ካሰች ራባት። ከሞሰቡ ቁራሽ አንሥታ አፏ ውስጥ አደረገች፤ ወረደ። ደስ አላላትም። ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ ሰው እንዳያያት እየሰጋች ቁራሹን ጨረሰች።

እመት አስካለ ማርያም የፋሲካ ሰሞን ተመለሱ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ባሉበት ካሰች ድንጋይ ተሸክማ ከፊታቸው ወደቀች። እሳቸው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱላት።

"ይቅር ለእግዜር ብያለሁ" አሉ። "ልጄ በዪኝ ግን አትበዪኝ። ልበል ብል አፌ እምቢ ይለኛል።"

"እሺ፣ እመት" አለች ካሰች። እማማ ማለቱን እሷም ያን ቀን ተወችው።

ጣሊያን አገሩን ለቅቆ ከወጣም በኋላ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። እመት "የክንዱ ሚስት" እያሉ ይጠሯት ነበር። ሲያማቸው ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ዘወትር ጠዋት ጉልበታቸውን ቅቤ ትቀባቸዋለች፤ እሳቸውም እግራቸውን ይዘረጉላታል። አንዳንድ ቀን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ ይጫወታሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እመት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ካሰችም ለምን እንደሆነ አትጠይቅም። እጇን ሳታነሣ መቀባቷን ትቀጥላለች።