የአፖሮሲ ጀልባ

በዚያ ዓመት አውሎ ነፋሱ በየካቲት መጣ። የዋይንዳሌ መንደርን ቤቶች ጣሪያ ነቅሎ ወሰደ። የባሕሩ ውሃ እርሻ ውስጥ ገብቶ ጎደሬው ከሥሩ በሰበሰ። ሁለት ሕፃናትና አንድ ሽማግሌ በተቅማጥ ሞቱ። ሰው የዱር ሥር እየቆፈረ በላ። ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ የአሸዋ ደሴት ማዕበሉ ጠራርጓት፣ በየዓመቱ እዚያ እንቁላል የሚጥሉት ነጫጭ የባሕር ወፎች ከላይ ከላይ ሲዞሩ ሰንብተው ሄዱ።

ከዚያ ከናሳቡ ደሴት አንድ ጀልባ ጎደሬ ጭኖ መጣ። ነጂው አፖሮሲ ነበር። ብዙም አልተናገረ፤ አራግፎ ተመለሰ። ደግሞ መጣ። ዝናቡ እስኪያባራ እንዲህ ሲመላለስ ከረመ። የመንደሩ ሴት ኡናይሲ ያን ጊዜ ባሏን ባሕር ወስዶባት፣ ደረቅ ጡት ይዛ የምታባብላት ልጅ ነበረቻት። ያቺ ልጅ በዚያ ጎደሬ ተረፈች፤ ዛሬ አግብታ ከተማ ትኖራለች።

ለዚያ ጎደሬ ዋይንዳሌ መልስ አልሰጠም። መጀመሪያ የሚሰጠው አልነበረውም። በኋላ ደግሞ ዘገየና አሳፈረ።

አሸዋው ዓመት በዓመት እየተከማቸ ደሴቷ ተመለሰች። መንደሩ ተሰብስቦ፣ ወፎቹ እንዲመለሱ እሷንና በዙሪያዋ ያለውን የኮራል ድንጋይ ዘጋ። የኮኮናት ቅጠል የታሰረበት እንጨት ባሕሩ ላይ ተተከለ፤ ከዚያ ወዲያ መረብ መጣልም አሸዋውን መርገጥም ክልክል ሆነ። ጠባቂዋ ኡናይሲ ሆነች፤ በሯ ላይ ለተቀመጠ ደሴቷ ወለል ብላ ትታያለችና። ጀልባ ሲጠጋ ትልቁን ዛጎል ትነፋለች። በአቅራቢያው ያለው ሆቴል እንግዶች ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ እሷ ግን እስኪመለሱ ድረስ መንፋቷን አታቆምም።

ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወፎቹ ዘንድሮ መጡ። ጎጆ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ባዶ አሸዋ ላይ ጥለው ይታቀፋሉ። ሰው ደሴቷን ከረገጠ ሁሉም ብር ይላሉ። እስኪመለሱ እንቁላሉን ፀሐይ ይቀቅለዋል፤ የቀረውን ጥቁሩ ነጣቂ ወፍ ይለቅመዋል። አንዴ ወደ ከፋቸው ቦታ ደግሞ ቶሎ አይመለሱም። ኡናይሲ ስትበላም ዓይኗ ከዚያ አይነቀልም ነበር።

አፖሮሲ የመጣው በዚህ መሐል ነው፤ አራት ጎረምሶች ይዞ።

የዋይንዳሌና የናሳቡ ሰዎች ታኡ ናቸው፤ የጥንት አባቶቻቸው ዘመዳሞች ነበሩ ይባላል። ታኡ ታኡን ይሰድባል፤ የተሰደበው ይስቃል። ታኡ የታኡን ቤት ገብቶ ያማረውን ያነሣል፤ ባለቤቱ ተው አይልም። የሰጡትን ወይም የተወሰደባቸውን መልሶ መጠየቅ ነውር ነው።

ኡናይሲ ወደ ዳርቻው ወርዳ ጮኸች፦ «አንተ ሽማግሌ! እስካሁን አልሞትክም?»

«አንቺን ሳልቀብር? ማን ያለቅስልሻል ብዬ ነው እኮ።»

«ጥርስህስ?»

«ባለፈው የቀቀልሽልኝ ዶሮ ላይ ቀረ።»

ሴቶቹ አሽካኩ። ኡናይሲም ደስ ብሏት ለታኡ ሁሉ የሚባለውን አለች፦ «በል ግባ። ምድሩም ባሕሩም ያንተ ነው።»

«እውነትሽን?»

«ታኡ ይዋሻል?»

«እንግዲያው ደሴቷን ወሰድኳት» አለ አፖሮሲ። «ወፎቹ ተመለሱ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት። በጎረምሳነቴ ከአባትሽ ጋር እዚያ አድረን፣ እንቁላሉን ቀቅለን የበላነው ጣዕሙ ከአፌ አልጠፋም። ሳልሞት አንዴ ልቅመሰው።»

ኡናይሲ ምን እንዳለች ያወቀችው ቃሏ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። የመንደሩን ሹም ኢኖሲን ወደ ጎን ሳበችው።

«ንገረው እንጂ! አንተ አይደለህ ሹሙ?»

«ምን ብዬ? ታኡ እንቢ ተብሎ ያውቃል? ለዚያውም እሱ! የበላንበትን ወጪት ሰባሪ ልሁን?»

«ወፎቹ ይሄዳሉ፣ ኢኖሲ። ድጋሚ አናያቸውም።»

«ያንተ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ከሥር ተጨምቆ ለእንግዳ የሚቀርበው መጠጥ፣ ያንጎናው፣ ተቀዳ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ደሴቷ ሊሄዱ ተባባሉ። ኡናይሲ ጥግ ይዛ አፖሮሲን ታየው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሳንባዋ እስኪፈነዳ ዛጎሏን ትነፋበት ነበር። ይህ ግን ልጇን ያተረፈላት ሰው ነው። የጠየቀው ደግሞ እንቁላል ነው፤ ሽማግሌ ሲያምረው የሚጠይቀው ነገር።

ጠዋት የናሳቡ ልጆች ጀልባውን ወደ ውሃው ሲገፉ፣ ኡናይሲ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ወረደች። የጀልባውን ገመድ ያዘች።

«ታኡ፣ ጀልባህ አማረችኝ።»

«ብታምርሽስ? ዓይን አይከለከል።»

«ወሰድኳት።»

ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው።

«ሞኝሽን ፈልጊ» አለ አፖሮሲ።

«አገኘሁት እኮ። ይኸው ፊቴ ቆሟል።»

ሴቶቹ ጭናቸውን እየመቱ ተንከተከቱ። ከዚያ ሐሳቧ ገባቸው። አንዷ መቅዘፊያው አማረኝ አለች። አንዷ የነዳጁን ጄሪካን አቀፈች። አንዲት ባልቴት የጎረምሳውን ኮፍያ ከራሱ ላይ አነሣች፤ ኮፍያው እንኳ ማንንም ከመሄድ አያግድም ነበር። አፖሮሲ የመንደሩን ጀልባዎች በዓይኑ ፈለገ። ሦስቱም ጎሕ ሳይቀድ ለዓሣ ወጥተዋል። ማን እንደ ላካቸው ቢጠይቅ፣ ኢኖሲ ደመናውን ማየት ጀመረ።

«እስከ መቼ ነው?»

«ጫጩቶቹ ሲበሩ ትሰለቸኝ ይሆናል።»

«የምን ጫጩት? ገና እንቁላል ነው!»

«ቤት ጠርጌልሃለሁ።»

ኡናይሲ ገመዱን አልለቀቀችም። ሽማግሌው አሸዋው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሏት ነበር። እየሳቀ ነው።

ልጆቹ በጭነት መርከብ ወደ ናሳቡ ተመለሱ። እሱ ጀልባውን ትቶ እንደማይሄድ ነገራቸውና ቀረ። ቂሙንም ተወጣ። የኡናይሲን ሬዲዮ ወሰደ፤ ትራሷን ወሰደ። ቀዩን አውራ ዶሮዋን ወስዶ ራሷን አስቀቀላት።

ቀን ቀን በሯ ላይ አብሯት ይቀመጣል። መጀመሪያ ወፎቹን ይሰድብ ነበር። «እነዚህ ናቸው ከእኔ የበለጡብሽ? እግር እንኳ የላቸውም እኮ፤ ክር ነው!»

አንድ ቀን የሆቴሉ ጀልባ የተተከለውን እንጨት አልፎ ገባ። አፖሮሲ ዛጎሉን ከእጇ ነጥቆ ነፋ። ጥርስ የለው፤ የወጣው የታነቀ ፍየል ድምፅ ነው። ወርውሮላት ሽርጡን ሰብስቦ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገባ፤ የእንግዶቹን እናት ከነአያታቸው ሰደበ። ኡናይሲ ከኋላው ትነፋለች። ወፎቹ እንደ ነጭ ጨርቅ ተነሡ። ጥቁሩ ነጣቂ ከላይ መጣ። ጀልባው ዞረ። አፖሮሲ ከውሃው ሳይወጣ ቆሞ ጠበቀ።

«ተቀመጡ» አላቸው ወፎቹን በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ተቀመጡ።»

ከዚያ ወዲህ የእንቁላል ነገር አላነሣም።

ጫጩቶቹ ተፈልፍለው አሸዋው ላይ መራወጥ ሲጀምሩ ነው፣ አፖሮሲ ምሳ እየበላ መንጋጋውን ገታ ያደረገው።

«ይህን ጎደሬ ከየት አመጣሽው?»

«ከእርሻዬ።»

«ዘሩን ነው የምልሽ።»

«ካንተ ነዋ። ያኔ ያመጣኸውን ስንበላ አናቱን እየቆረጥን ተከልን። መንደሩ የሚበላው ሁሉ ከሱ ነው።»

አፖሮሲ የያዘውን አስቀመጠ። «አባቴ የተከለው ነው» አለ። «ናሳቡ ላይ በሽታ ገብቶ ጨረሰው። አንድም ሥር አልተረፈም። የምንበላው ከሱቅ የሚመጣ ሩዝ ነው።»

«ትራሴን ስትወስድ ይህን ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«የሰጠሁትን?» አለ አፖሮሲ።

ኡናይሲ ተነሥታ ወደ ኢኖሲ ቤት ሄደች። ምን እንዳለችው ማንም አልሰማም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ሰው ሁሉ በእርሻው ውስጥ ጤነኛውን ቡቃያ እየመረጠ ምልክት ያስር ጀመር።

ወፎቹ አንድ ጠዋት ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ ጥልቁ ባሕር ሄዱ። አፖሮሲ ትንንሾቹ ከዓይኑ እስኪሰወሩ ቆሞ አየ። ከዚያ ወደ ጀልባው ወረደ።

ጀልባው ተጭኖ ጠበቀው። እስከ ጠርዙ ጎደሬ ነው፤ በላዩ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ቡቃያ፣ ከየቤቱ። ኢኖሲ አሸዋው ላይ ተቀምጦ፣ ለትልቅ ምስጋናና ይቅርታ ብቻ የሚሰጠውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጁ ዘረጋ።

«ይህ ለዚያ ዓመት ጎደሬ ነው» አለ። «ዘግይተናል።» ቀልድ አልጨመረበትም።

አፖሮሲ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ተቀበለ፤ በአባቶች ወግ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

«ደርሶናል» አለ።

ሴቶቹ እንደ ደንቡ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው አጨበጨቡ።