ለጋሼ የተሰጠው ሦስት ደቂቃ

የሬዲዮ ጣቢያው ባልደረቦቿ «ደቂቃ» ይሏታል። አንድ ገጽ ጽሑፍ ላይ ዓይኗን ጣል አድርጋ «ሁለት ከአሥር» ካለች፣ አንባቢው ስቱዲዮ ገብቶ ሲያነበው ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ዜና ከሰዓቱ አላሳለፈችም።

ታላቅ ወንድሟ አናጺ ነው። ሲፈጥረው እጁን አፍታቶ አፉን አሰረበት፤ ይንተባተባል። መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ የወላጆቻቸው ቤት ከነወርክሾፑ እንዲፈርስ ሲወሰን፣ ቅሬታ ያለው ቀርቦ ሦስት ደቂቃ ይናገር የሚል ደብዳቤ ደረሰው።

«አይዞህ ጋሼ፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አለችው። «እኔ እጽፋለሁ፣ አንተ ታነባለህ።»

ለሌላ ሰው ልክ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጀች። እሑድ ከሰዓት ወርክሾፑ ውስጥ ቆሞ ሲያነብላት አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። የእናታቸውን የሕመም ዓመታት ሰረዘች፤ ሰባት ሆነ። ጎረቤቶቹን አወጣች፤ አምስት። «መ» ላይ አጥብቆ ስለሚይዘው በ«መ» የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ለቀመችና «መንገድ»ን እንኳ «ጎዳና» አለችው። በመጨረሻ ስድስት ዓረፍተ ነገር ቀረ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ።

«ከቤታችን ቀድሞ ወ… ወሬው ፈረሰ» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ አንጀቷ ግን አልሳቀም።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ተራው ደርሶ ማይክሮፎኑ ጋ ሲቆም፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን አስጀመረና «በቅድሚያ የቤት ቁጥርዎን ይንገሩን» አለው።

ይህ ወረቀቱ ላይ የለም። የቤቱ ቁጥር ደግሞ መቶ አርባ ሁለት ነው።

«መ… መ… መ…»

የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ሰዓት ማየት አላስፈለጋትም፤ ሠላሳ ሰከንድ፣ አርባ፣ ሃምሳ እያለ ጭንቅላቷ ሳትጠይቀው ይቆጥራል። አላስቻላትም፣ ብድግ አለች።

«እህቱ ነኝ፣ እኔ ላንብብለት!»

«ይቀመጡ እህቴ። መናገር የሚችለው ቤቱ በስሙ የሆነ ሰው ብቻ ነው።»

ተቀመጠች። ምን ታድርግ? ቁጥሩን አምጦ ሲያወጣው የቀረው ደቂቃ ከግማሽ አይሞላም። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሦስተኛው ወገብ ላይ ደወሉ ተደወለ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሠላሳ ሰከንድ ጨመረለት። ጋሼ ግን በድንጋጤ አፉ ጭራሽ ተቆለፈ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወረደ።

ደጅ ሲወጡ «ይቅር በለኝ፣ ቁጥሩን አላሰብኩትም» አለችው።

«አን… አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እሷን ማጽናናቱ ይባስ አስለቀሳት።

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፦ በቂ ምክንያት ስላልቀረበ ውሳኔው ጸንቷል። ጋሼ አንብቦ ጨረሰ። መፍቻ አንስቶ የመጋዙን ማሽን ከወለሉ ይነቅል ጀመር። እሷም ቦርሳዋን አስቀምጣ በሌላው በኩል ያዘችለት።