በጀውሃና በአጣዬ መሃል

ባለቤቴ ገሠሠ በደህናው ቀን የሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጀውሃ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ» እያለ የመንገዱን ከተሞች ሲጣራ ይውልና፣ ምሳ ሰዓት ላይ ገና የግቢውን በር ሳይከፍት «ዘውዴ» ይለኛል። ያን ጊዜ ያናድደኝ ነበር። አልደነቆርኩ፣ ምን ያስጮህሃል እለው ነበር። ምነው አፌን በቆረጠው። አምና በኅዳር ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ያዘው። እጁ ቀስ በቀስ ተመለሰ። አንደበቱ ግን «እእ» ብቻ ሆኖ ቀረ። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ይረዳል፤ መናገር ነው ያቃተው።

ሰው አጠገብ ተቀምጦ ይናፍቃል? እኔን ናፈቀኝ። ሌላ ወሬ አልፈለግሁም፤ አንዴ በስሜ ቢጠራኝ ይበቃኝ ነበር።

ፌቨን የምትባል ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ነርስ መድኃኒቱ ልምምድ ነው አለችኝ፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ሳይዘለል። አፍ የለመደው ቃል ቀድሞ ይመለሳል ብላ፣ አብዝቶ ይናገር የነበረውን ጠየቀችኝ። ለኔማ በቀን አሥር ቃል አይናገርም ነበር፣ ድምፁን የጨረሰው መናኸሪያ ነው አልኳት። ሳቀችና እንግዲያው በዚያው እንጀምር አለች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ማንጎው ሥር አስቀምጠዋለሁ። እኔ ጀውሃ እላለሁ፣ እሱ ከንፈሬን ያያል። በወሩ «ጀ» አለ። በሁለተኛው ወር «ጀውሃ» አለና ሁለታችንም ተላቀስን። አጣዬ ተከተለች፤ ካራቆሬ በፋሲካ ሰሞን መጣች። እኔ ግን የለሁበትም። ስሜን በል ስለው አፉን ይከፍታል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ምንም የለም። እውነቱን ልናገርና በካራቆሬ ቀናሁ። አገር ምድሩን ጠርቶ ሚስቱን መጥራት የሚያቅተው ሰው ጉድ አይደለም?

አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ በቃ ተወው አልኩና ወንበሩን አነሳሁ። ሦስት ቀን ልምምድ የሚባል የለም። በአራተኛው ፌቨን መጥታ እስኪ ጥራልኝ ብትለው አጣዬ እንኳ ጠፍታበታለች። ልጅቷ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ የተቆጣችኝ ግን እንደ እናት ነው።

«እትዬ፣ ቃሉ የትኛው ቀን እንደሚመጣ ስለማናውቅ እኮ ነው በየቀኑ የምንለማመደው» አለችኝ።

አፈርኩ። እሷ ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው ብልሃቱ የመጣልኝ። ስሜ ብቻውን ካልመጣለት መንገዱ ላይ ላስገባው አልኩ። ጀውሃ፣ ዘውዴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ። ጎረቤት ሰምቶ ሳቀብን። ይሳቅ። ገሠሠ ግን ጀውሃ ብሎ እኔን ዘሎ አጣዬ ይገባል። ክረምቱን ሙሉ ዘለለኝ። መስከረም ላይ እኔ ቦታ ሲደርስ ቆም ማለት ጀመረ። ጥቅምት ላይ «ዘ» አለ። ያቺን አንዲት «ዘ» ይዤ ስንት ሳምንት እንደከረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ማክሰኞ ወባ ይዞኝ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ልምምዱ ዛሬ ቀረ እያልኩ ስበሳጭ ከውጭ የወንበር ድምፅ ሰማሁ። ራሱ አውጥቶ ማንጎው ሥር ተቀምጧል። «ጀውሃ» አለ። ቆመ። «ዘ» አለ፤ ቆመ። እንደገና ከጀውሃ ጀመረ። ደግሞ እንደገና። እኔ ብርድ ልብሱን ነክሼ እሰማለሁ። ከዚያ ዝም አለ። ተስፋ ቆረጠ ስል፣ እግሩን እየጎተተ ወደ መኝታ ቤቱ በር መጣ። ጀውሃንም አጣዬንም ተዋቸው።

«ዘውዴ» አለ።

አቤት ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ያልሰማ መስዬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ አራት ጊዜ አስጠራሁት።