በሎሚ የታሸው አምባዛ

እናታችን ሰሊሃን ቆሻሻ ያሳብዳታል። ያልታጠበ ነገር ከቤቷ ወጥቶ ሰው ፊት ከሚቀርብ ሞቷን ትመርጣለች፤ አልዩ አምባ ውስጥ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም።

እኛን የሚያኖረን ወንድሜ ታጁ ነው፣ ዓሣ እያጠመደ። ባለፈው ከቆላው ወንዝ ያወጣው አምባዛ ቆዳው በቁስል ተወርሮ ነበር፤ በክንፉ እሾህ መዳፉን ወጋው። ምን አለበት ብሎ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ ዋጠ። እጁ እስከ ክርኑ አብጦ ሲጠቁር ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አስተኛነው።

መድኃኒቱ ሁሉ እምቢ አለ። ከቁስሉ ናሙና ቢወስዱም ባክቴሪያው አልበቅል አለ፤ ክኒኑ አዳክሞታል አሉ።

“ከዚያው ወንዝ የታመመ ዓሣ አምጪልን” አለኝ ሐኪሙ። “ባክቴሪያውን ከለየን የሚገድለውን መድኃኒት እናውቃለን። ካልሆነ እጁ መቆረጡ ነው።”

ቆላ ወርጄ ከአጎቴ ከዓብዱራህማን ጋር ወንዝ ዳር ዋልን። ልክ እንደዚያኛው የቆሰለ አምባዛ ሲይዝልኝ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

“አላህ ሳይደግስ አይጣላም!” አለች እናቴ፣ ቤት ይዘነው ስንገባ።

“እንዳትነኪው እማ፣ እንዳለ ነው የሚፈልጉት” ብያት መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ስመለስ በፌስታል ጠቅልላ፣ በረዶ ውስጥ ከትታ ጠበቀችኝ። ሳልፈታው ይዤ በረርኩ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ ወለተ ሥላሴ ፌስታሉን ስትፈታው ሎሚ ሎሚ ሸተተ። ቆዳው ተገፏል፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ጨው ተነስንሶበታል።

“ጉበቱስ? ኩላሊቱስ? እህቴ፣ ማነው ያጠበው?”

ያረቢ! አጎቴ ጋ ደወልኩ።

“‘እንዲህ እየገማ ለሐኪም ይላካል? ልጄን የሚያክሙት ምን ይሉኛል?’ ብላ በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችው” አለኝ። “እኔማ አንቺ ያዘዝሻት መስሎኝ!”

ወለተ ሥላሴ ምስኪን ሞከረችው። ምንም አልበቀለም። አጎቴ ተመልሶ ቢወርድ ወንዙ በጎርፍ ሞልቶ መረብ የሚጣልበት ጠፋ። ሐኪሙም እብጠቱ ወደ ትከሻው እየወጣ ነው፣ ከዚህ በላይ አልጠብቅም አለ።

ዛሬ ጠዋት ታጁን ቀዶ ጥገና አስገቡት። ቀኝ እጁን ነው፣ መረብ የሚጥልበትን። አንጀቴ አርሯል፤ ግን በማን ልናደድ?

እናቴ አዲስ ሻሿን አስራ ከች አለች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ “ዓሣውን ወደዱት?” አለችኝ ቀስ ብላ።

ልጮኽባት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን ሳየው አቃተኝ።

“እንዲህ ያለ ንጹሕ ዓሣ አይተን አናውቅም አሉ” አልኳት።

“አልሐምዱሊላህ” አለች። ሻሿን አስተካከለችና ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ዞረች።

“ታዲያ እጁን ለምን ይቆርጡታል?”