እኩል የታደለው መድኃኒት

በኢራናውያን የአባን ወር በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሺራዝ ከተማ በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የመጨረሻዋ አይጥ በማስታወስ ፈተናው ገንዳ ውኃ ሥር የተደበቀውን መቆሚያ በስድስት ሰከንድ አገኘችው። ተመራማሪዋ ሹኩፌ ሰከንድ መቁጠሪያውን ደግማ አየችው። ወደ አንጎሏ ደም የሚወስዱት ሥሮች የታሰሩባት ይህች አይጥ፣ በሚሞከረው መድኃኒት ፈንታ ንጹሕ ውኃ ብቻ እንድትወስድ የተመደበች በመሆኗ፣ መንገዱን መርሳት ነበረባት። እንደ እርሷ ውኃ ብቻ የተመደበላቸው ዘጠኙም አልረሱም።

"አጋ ኩድራት፣ ለእነዚህ ምን ሰጧቸው?" ስትል የእንስሳቱን ጠባቂ ጠየቀቻቸው።

"ለሌሎቹ የሰጠሁትን ነዋ! የስለት ምግብ ሲታደል ጎረቤት ይዘለላል እንዴ? አንቺማ ተምረሽ ተምረሽ ጨካኝ ሆነሽ አረፍሽው።"

"ሦስት ዓመት የለፋሁበት እኮ ነው! የረሱ ከሌሉ መድኃኒቱ ማዳኑን በምን ላውቅ ነው?"

"ይኸው ሁሉም አስታወሱ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?" አሉ ሽማግሌው። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። "ጎልናር አንጎሏ ደም ካጠረው ወዲህ ባሏ መሆኔን ረስታ፣ እንደ እንግዳ 'አንቱ' ትለኛለች። የተረፈሽ ካለ ለእርሷም ስጪኝ፣ ልጄ።"