ከሽኒሌ ሁርሶ በሳሎን በኩል

«እንግዲህ ሙሽራዋን ደብቀህ አትዘልቅም፤ ንገረኝና ልረፍ» አለች ሃዎ በሩ ላይ እንደ ቆመች።

ዐብዲራዛቅ በእጁ መዶሻ፣ በከንፈሮቹ መሀል ደግሞ አራት ምስማር ይዞ ነበር። ምስማሮቹን አንድ በአንድ መዳፉ ላይ ተፋቸውና፣ «የምን ሙሽራ?» አለ።

«አልጋውን አየሁት እኮ። አናጢው በጋሪ ጭኖ ሲያመጣው ሰፈሩ በሙሉ አይቶታል። ሦስት ሜትር በሁለት። ስንት ሆናችሁ ልትተኙበት ነው?»

ሃዎ እንዲህ ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ሳምንት የሳሎኑ መጅሊስ፣ ፍራሹም ትራሱም ተነሥቶ ኮሪደር ላይ ተደረደረ። ቀጥሎ ግድግዳው ሰማያዊ ተቀባ። ቀጥሎ ያ ግዙፍ አልጋ መጣ። ሚስቱ ኑርቶ ከሞተች ሦስት ዓመት የሆናት ጡረተኛ ቤቱን እንዲህ ሲያሰናዳ፣ ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት ምን ታስብ? ማግባቱ አልነበረም ያስከፋት። ያግባ፤ ሱና ነው። ያስከፋት አለመንገሩ ነው። ሃያ ዓመት ጨውና ክብሪት ሲዋዋሱ የኖሩ ሰዎች እንዴት ሙሽራን የሚያህል ነገር ይደባበቃሉ?

እውነቱን ለመናገር ሌላም የሚያስጨንቃት ነገር ነበር። ቀፊራ ገበያ፣ ጨርቅ ከምትሸጥበት መደብ ግራና ቀኝ ለተቀመጡ ሁለት ሴቶች ወሬውን «አደራ» ብላ ነግራቸዋለች። ቀፊራ ላይ ለሁለት ሴት አደራ ማለት ለከተማው በድምፅ ማጉያ ማወጅ ነው። ሙሽራዋ ከየት እንደሆነች ሲጠይቋትም፣ አላውቅም ማለት አልሆንላት ብሎ፣ «ከሐረር ሳትሆን አትቀርም» ብላ ነበር።

«ግቢ» አላት ዐብዲራዛቅ። «ግቢና ተዋወቂያት።»

ሃዎ ሻሿን አስተካክላ ገባች።

አልጋ ያለችው ሰፊ ጠረጴዛ ኖሯል፤ ፍራሽ አልነበረውም። በፍራሹ ቦታ ተራራ ነበር። ከጀሶ የተሠሩ፣ የድሬዳዋን ዳር የከበቡትን የሚመስሉ ራሰ በራ ተራሮች። ከተራሮቹ ሥር ውሃ የሌለው፣ ልክ እንደ እውነተኛው አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ፤ በወንዙ ላይ ድልድይ፤ መሀል ላይ ቢጫ የባቡር ጣቢያ፣ በረንዳውና ሰዓቱ ሳይቀር። ሃዎ ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ዕቃ ላይ ተቀምጣ ባቡር የጠበቀችበት በረንዳ ነው። አሁን በረንዳው ከመዳፏ አይበልጥም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን የሚያብረቀርቁ መስመሮች ተዘርግተዋል።

«ባቡር ነው» አለ ዐብዲራዛቅ። «ከሽኒሌ ተነሥቶ፣ ድሬ ገብቶ፣ ሁርሶ ይደርሳል።»

«በሳሎንህ በኩል።»

«በሳሎኔ በኩል።»

«ለልጅ ልጆችህ ነው?»

«ለእኔ ነው።»

ሃዎ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ጎንበስ ብላ ማየት ስትጀምር ግን ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ሐዲዱ የመብራት ሽቦ ነው፤ ላስቲኩ ተልጦ፣ ተቀጥቅጦ፣ ቀጥ ብሎ። በሐዲዱ ሥር ያለው ጠጠር በሻይ ማጥለያ እየተነፋ ወጥቷል፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ሐዲዱን ተሸክመው የተጋደሙት፣ እንደሱ ያሉ የባቡር ሰዎች ትራቨርስ የሚሏቸው ብረቶች ከጣሳ ተቆርጠው፣ ኤሌክትሪክ ከሐዲድ ወደ ሐዲድ እንዳያሳልፉ ወፍራም ቀለም የተቀቡ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከትንሽ ጣት ጥፍር አይበልጡም። ስምንት መቶ ገደማ ናቸው አለ።

«ከክብሪት እንጨት ብትሠራቸው አይቀልህም ነበር?»

ዐብዲራዛቅ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «በዚህ መስመር ላይ እንጨት? ምስጥ ይበላዋል እኮ። የእኛ ትራቨርስ ብረት ነው።»

«እዚህ ሳሎን ውስጥ ምስጥ አለ?»

«የለም። ቢሆንም።»

ያቺ «ቢሆንም» ሃዎን ያዘቻት። በገበያ ስትኖር ብዙ ባለሙያ አይታለች፤ ሰው የማያየውን ስፌት በድርብ የሚሰፋ ግን አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ይሄ ሰውዬ ማንም የማይጠይቀውን ስምንት መቶ ጊዜ ቆርጧል። ወላሂ፣ ሙሽራም ቢሆን እንዲህ አይደከምላትም።

«ለዓርብ ማድረስ አለብኝ» አለ ማዞሪያ የተገጠመላትን ትንሽ ሳጥን ከባጃጅ ባትሪ ጋር እያገናኘ። «ዋበሪ እሑድ ይሄዳል።»

ዋበሪን ሃዎ ታውቀዋለች። የጥንቱ የባቡር ነጂ፣ አሁን ሰባ አራት ዓመቱ፣ በምርኩዝ የሚሄድ፣ ኮፍያውን ከራሱ የማያወርድ ረጅም ሽማግሌ ነው። ልጁ ጅጅጋ ወስዳ ከራሷ ጋር ልታኖረው ነው፤ ሲሄድ ለሁልጊዜው ነው።

«ታዲያ አይቶ ምን ይልሃል? ያ ሰውዬ እኮ በሠርጉ ቀን እንኳ ፈገግ አላለም አሉ።»

«ለዚያ እኮ ነው።» ዐብዲራዛቅ ሳጥኗን አስቀመጠ። «አንቺ ታሞግሽኛለሽ፤ ልጆቼም ፎቶ ሳሳያቸው ማሻአላህ ብለዋል። ግን እናንተ ባታውቁትም ታሞግሳላችሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ አይቶ የሚያውቀው የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። መስመራችን ነው ካለ፣ መስመሩ ነው። አይደለም ካለ…» ተራሮቹን አየት አደረገ። «አይደለም ካለ ግማሽ ሳሎን የያዘ የሕፃን ዕቃ ነው። አፍርሼው መጅሊሱን እመልሳለሁ።»

ሃዎ ባዶውን ሐዲድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ባቡሩ ራሱስ የታለ?» አለች።

በሁለት እጁ፣ እንደ ጫጩት፣ አውጥቶ አሳያት። አንድ ሞተሩ ከተሰበረ ቴፕ የወጣ የባቡር ራስና ሦስት ፉርጎዎች። ፉርጎዎቹን ግን ገልብጦ ነበር የሚያሳያት። «ይሄ ፍሬኑ ነው፤ ይሄ ዘንጉ፤ ይሄውልሽ ሞላው፣ በየጎማው አራት አራት ቅጠል።» እውነትም ሆዳቸው ተአምር ነበር። ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ የተሠራ አንጀት ነው የሚመስለው፤ አንዱን ስትነካው ሌላው ይንቀሳቀሳል። ሃዎ ትንፋሿን ይዛ ስታይ ቆየች። ከዚያ አንዱን ፉርጎ ተቀበለችውና ቀና አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ጣራውስ?»

መልሶ ሊገለብጠው እጁን ሰደደ።

«ዐብዲራዛቅ፣ ጣራ የለውም እኮ። ግድግዳውም ቀለም አልነካውም። እግሯን ሂና ተቀብታ ራሷን ሳትሸፍን አደባባይ የወጣች ሴት ነው የምትመስለው።»

ፉርጎውን አየው። ሁለተኛውን አየው። ሦስተኛውን አየው። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ትከሻው እስኪርገፈገፍ ሳቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጥገና ክፍል ሲሠራ፣ ሠላሳ አንዱንም ዓመት ያሳለፈው ከባቡሩ ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ሽቅብ እያየ ነው። ባቡር በሱ ቤት ሆድ ነው። ጣራ ላይ የሚወጣው ሌላ ሰው ነበር።

«ምን ዓይነት ነበር ጣራው?» አለ በመጨረሻ፤ የምሩን ነበር የጠየቃት።

«እኔ ልንገርህ? እኔ ከበረንዳው ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ክብ ነው፣ እንደ ግማሽ በርሜል።»

በማግሥቱ ሃዎ ገበያዋን ቀደም ብላ ዘጋችና የጨርቅ መቀሷን፣ የመለኪያ ሜትሯንና ሁለት ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛ መጣች። ፉርጎውን ልክ እንደ ደንበኛ ለካችው፤ ወገቡን፣ ትከሻውን፣ ቁመቱን። መጀመሪያ በጋዜጣ ቆረጠች፤ አለበሰችው፤ ከጎኑ ሁለት ሚሊ ጠበበ፤ ደግማ ቆረጠች። ዐብዲራዛቅ በጋዜጣው ልክ ጣሳውን በቆርቆሮ መቀስ እየቆረጠ፣ በብርጭቆ ላይ እያጎበጠ ገጠመው። የጣሳው ክብነት ራሱ ለጣራ የተፈጠረ ነበር። ቁራጭ ቆርቆሮ በየቦታው ተበተነ፤ ሃዎም ከምንጣፉ ላይ ስትለቅም አመሸች።

«የቀፊራ ሴቶች ምን አሉ?» አላት እየሠራ። ወሬው ደርሶት ነበር።

«ሙሽራ የለም፣ ባቡር ነው አልኳቸው።»

«እሺ?»

«ዘንድሮ ባቡር ነው የሚሏት ወይ አሉኝ።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዋበሪ መጣ። ምርኩዙን በሩ ጥግ አስደገፈ፤ ኮፍያውን ግን አላወለቀም። መጅሊስ ስለሌለ ወንበር ተሰጠው። ሃዎ ሻይ ቀዳች። ሽማግሌው ሻዩን ግማሽ እስኪያደርስ ጠረጴዛውን ቀና ብሎ አላየም፤ ስለ ጅጅጋ ነፋስ አወራ፣ ስለ ጉልበቱ አወራ። ዐብዲራዛቅ ባጠገቡ ቆሞ እጁን በሱሪው ይጠርጋል፤ እንደገና ይጠርጋል። ሃዎ ባሏ ለሽምግልና ሰዎች ልኮ፣ አባቷ መልሱን ሳይሰጥ ስለ ዝናብ ሲያወራ የዋለበትን ቀን አስታወሰች።

በመጨረሻ ዋበሪ ተነሥቶ በጠረጴዛው ዙሪያ ሄደ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ። ጣቢያው ጋ ቆመ፤ ድልድዩ ጋ ቆመ። ዐብዲራዛቅ መታገሥ አልቻለም፤ ባቡሩን ከጣቢያው ፊት አስተካክሎ እጁን ማዞሪያው ላይ አደረገ።

«ዋሪያ፣ አንተ!» አለ ዋበሪ። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ላስነሣው ነዋ።»

«ሁርሶ መልሷል?»

«ምን?»

«ሁርሶ መልሷል ወይ ነው የምልህ። መስመሩ አንድ ነው። የሚመጣም የሚሄድም በዚሁ ነው። የሚቀጥለው ጣቢያ በስልክ ነፃ ነው ሳይልህ ከድሬ የሚነሣ ባቡር የለም። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሳልጠይቅ ተነሥቼ አላውቅም።» ጠረጴዛውን በዓይኑ ጠረገው። «ስልኩ የት ነው? ሁርሶ ላይ ተረኛው ማነው?»

ዐብዲራዛቅ ፊቱ ተለዋወጠ። ጉድጓድ ውስጥ ስልክ አልነበረም። ባቡር ሲገባ ያውቃል፣ ሲወጣ ያውቃል፤ በመሀሉ ማን ማንን እንደሚጠይቅ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም። ማዞሪያው ላይ ያለው እጁ ቀስ እያለ ወረደ፤ ዓይኑም ኮሪደሩ ላይ ወደ ተደረደሩት ፍራሾች ሄደ።

«ተረኛዋ እኔ ነኝ» አለች ሃዎ።

የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ በጠረጴዛው ዞራ እስከ ሌላኛው ጫፍ ሄደች። እዚያ ክብሪት ሣጥን የምታህል ነጭ ቤት አለች፤ ሁርሶ ናት። ሃዎ መዳፏን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች።

ዋበሪም፣ ያ በሠርጉ ቀን ያልሳቀው ሰውዬ፣ ፊቱ ሳይፈታ መዳፉን ጆሮው ላይ አደረገ። «ሁርሶ፣ ድሬ ነኝ። መስመሩ ነፃ ነው?»

«አዎ» ልትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰውዬው የጠየቃት እንደ ቁም ነገር ነውና፣ እሷም እንደ ቁም ነገር ጎንበስ ብላ መስመሩን በዓይኗ ከጣቢያዋ ወደ ኋላ ተከተለች። ከተራራው ጥግ፣ ሐዲዱ በሚታጠፍበት ላይ፣ ሩዝ የምታህል ቁራጭ ቆርቆሮ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው ተጋድማለች። ከጣራው የተረፈች ናት።

«ነፃ አይደለም» አለች። «ጠብቅ።»

ዐብዲራዛቅ ሮጦ መጥቶ አየና ደነገጠ። ማዞሪያውን አዙሮት ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ሐዲዶች በዚያች ቁራጭ ተገናኝተው ሽቦው ይቃጠል ነበር፤ ባትሪውም አይተርፍም። ሃዎ በጥፍሯ አነሣቻት። ዋበሪ በዚያኛው ጫፍ መዳፉን ከጆሮው አላወረደም፤ እየጠበቀ ነው፤ የቸኮለም አይመስልም።

«ድሬ፣ ሁርሶ ነኝ» አለች ሃዎ። «አሁን ነፃ ነው።»

ዋበሪ ወደ ማዞሪያው ለተመለሰው ዐብዲራዛቅ በአገጩ ምልክት ሰጠው።

ባቡሩ ተነሣ። መጀመሪያ ተንገራገጨ፤ ከዚያ ሦስቱ ፉርጎዎች አንድ በአንድ ተሳቡና በጣቢያው በረንዳ ፊት አለፉ። ድልድዩ ላይ ሲወጣ ድምፁ ተለወጠ፤ ባዶ ነገር እንደሚመታ ሆነ። ይሄን ማንም አልሠራውም፤ ድልድዩ ክፍት ስለሆነ ራሱ የሆነ ነው። ዋበሪ ይህን ሲሰማ ጠረጴዛውን ይዞ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። አገጩን ጠርዙ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ከሐዲዱ እኩል አድርጎ፣ ከፊት ሆኖ እንደሚነዳ ሰው አየው። ዐብዲራዛቅም ከወዲያ በኩል እንደ ልማዱ አንገቱን ሰብሮ የፉርጎዎቹን ሆድ ከሥር እያየ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ባንድ ባቡር ሁለት ባቡር ሲያዩ፣ ሃዎ ከላይ ቆማ የቆረጠችውን ጣራ አየች፤ ልኩ ነው፤ አልጠበበም።

ባቡሩ ዳገቱን ቀስ ብሎ ወጣ፤ ታጠፈ፤ ነጯ ቤት ፊት ሲደርስ ዐብዲራዛቅ ማዞሪያውን መለሰው። ቆመ።

ዋበሪ እንደ ተንበረከከ ነው። ዐብዲራዛቅ ሊጠይቅ ፈልጎ እጁን እንደገና በሱሪው ጠረገ። ሃዎ አዘነችለት፤ ደግሞ በዚህ ሰዓት የሚጠይቅ ከሌለ እሷ ለምን ተረኛ ሆነች?

«ዋበሪ» አለች ከሁርሶ። «ሰውዬው እኮ ሳምንት ሙሉ አልተኛም። በል ንገረው፤ መስመራችሁ ነው፣ አይደለም?»

ዋበሪ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ወንበሩን ስቦ ከጣቢያው በረንዳ ፊት አስጠጋና ተቀመጠ። ብርጭቆውን ለሻይ ዘረጋላት፤ ዓይኑን ግን ከሐዲዱ ላይ አላነሣም።

«ተመላሹ ባቡር በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለ።